አንሶላው ምንም አይሸትም

«እስኪ አሽትቺው» አላት።

ኢንጂነሩ ደህና አደርሽ እንኳን አላለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ወደዚህ ላውንደሪ ሲገባ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ «አፍንጬ፣ ትናንት የት እንደዋልኩ ንገሪኝ እስኪ» እያለ ነበር የሚያስቃት። ዛሬ ግን የተጨማደደ ነጭ የትራስ ልብስ ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጎ ዓይኗን ሳያይ ቆመ። ከኋላው ታላቅ እህቱ ክንዷን አጣምራ ቆማለች። አፍንጬ እህቲቱን የምታውቃት በፎቶ ብቻ ነው።

ልቧ ድንግጥ አለ። የደነገጠችው ግን በሌላ ነው። ነገ እሑድ ቤታቸው ሄዳ ከእናታቸው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ልትተዋወቅ ቀጠሮ ስላላት እህቲቱ ቀድማ ልትገመግማት የመጣች መሰላት። እጇን በሽርጧ ጠራረገች፣ አፈንግጦ የወጣ ፀጉሯን ወደ ሻሿ መለሰች። ከዚያ እንደ ልማዷ የትራሱን ልብስ በሁለት እጇ አንስታ አፍንጫዋ ሥር ያዘችና ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ሳበች።

ይህንን የእናቱን ልብስ ከአንሶላው ጋር ሐሙስ ዕለት በገዛ እጇ ነው ያለቀለቀችው። በመጨረሻው ውሃ ላይ ግማሽ ኩባያ አቼቶ አድርጋበታለች፤ ሽቶ ያለው የልብስ ማለስለሻ የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም። ስለዚህ መልሱን ታውቀዋለች።

«ንጹሕ ነው» አለች ፈገግ ብላ። «ምንም አይሸትም።»

ኢንጂነሩ ዓይኑን ጨፈነ። እህቱ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

«ሰማህ? በገዛ ጆሮህ ሰማህ?»

«እታለም፣ ቆይ እስኪ።»

«ምኑን ነው የምቆየው? የመኪናውን መስኮት ከፍተን እኮ ነው እዚህ ያደረስነው! እኔ እዚህ ሆኜ ራሴን እያዞረኝ ነው፣ እሷ አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ምንም አይሸትም ትለኛለች!»

አፍንጬ የትራሱን ልብስ እንደያዘች ከአንዱ ወደ ሌላው አየች። «ምን ተፈጠረ?»

«እማዬ ትናንት ትንፋሽ አጠራት» አለ ኢንጂነሩ። ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «ከዚህ የወሰድነውን አንሶላ አንጥፈንላት ከምሳ በኋላ ጋደም አለች። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። የምትስበው መድኃኒት አልመልስ አላት። ከንፈሯ ጠቁሮ ነው ክሊኒክ ያደረስናት። ኦክስጅን ላይ አደረች።»

«አሁንስ?»

«ተርፋለች» አለች እህቱ ቀድማ። «ባንቺ ቢሆንማ አትተርፍም ነበር። ሽቶ በደጃፏ እንዳያልፍ እያወቅሽ አንሶላዋን ማለስለሻ ውስጥ ዘፈዘፍሽው። ለምን? ሁለት ዓመት አልቀበላትም ስላለችሽ ነው? እሺ ትምጣና ልያት ባለችበት ሳምንት?»

አፍንጬ እጇ ላይ ያለውን ጨርቅ ተመለከተች። ነጭ ነው። ለስላሳ ነው። ለእሷ ከዚያ በላይ የሚነግራት ነገር አልነበረውም።

«እኔ…» አለች።

ኢንጂነሩ ጠበቃት። የከፋው ነገር ይሄው መጠበቁ ነበር። አንዲት ቃል ብትወጣት፣ «ተሳስቼ ነው» ብትል ብቻ፣ ያችን ቃል ይዞ እህቱን ሊሟገትላት እንደተዘጋጀ ከፊቱ ታነባለች። ግን ተሳስቼ ነው ካለች ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል። ከበሩ ጀምሮ ራስ የሚያዞር ሽታ እንዴት አልሸተተሽም? ከዚያ ጥያቄ ጀርባ ደግሞ አምስት ወር ሙሉ ለአንድም ነፍስ ያልነገረችው ነገር አለ።

ዓይኗን ከእሱ አንስታ የትራሱን ልብስ ማጠፍ ጀመረች። እህቱ ክንዱን ይዛ አስወጣችው። የትራሱ ልብስ እጇ ላይ ቀረ።

*

አፍንጬ የሚለውን ስም ያወጡላት የላውንደሪው ባለቤት እትዬ ናቸው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ልብስ አጣቢ ሆና ስትቀጠር አንድ ሳምንት ሳይሞላት ከአንገትጌ ላይ ያለውን ነጠብጣብ አሽታ ዘይት ይሁን ቅቤ፣ ወተት ይሁን ላብ ለይታ ትናገር ጀመር። የትኛው ደንበኛ ሲጋራ እንዳቆመ፣ የትኛው አቁሜያለሁ እያለ ሚስቱን እንደሚሸነግል ታውቃለች። ካውያው ላይ የሚሠሩት አዛውንት፣ ጋሼ ካውያ የሚሏቸው፣ «ባሎች ልብሳቸውን እዚህ ከሚያመጡ በድብቅ ራሳቸው ቢያጥቡት ይሻላቸዋል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እትዬም ሰው በመጣ ቁጥር «እኛ ጋ ልብስ ታጥቦ አይወጣም፤ አፍንጬ አሽታው ነው የሚወጣ» ይላሉ አፋቸውን ሞልተው።

ኢንጂነሩንም ያገኘችው በዚሁ አፍንጫዋ ነው። አንድ ነጭ ሸሚዝ ይዞ መጣ። «ጥሩ መዓዛ ያለው ማለስለሻ አድርጊበት» አላት። እሷ ሸሚዙን አሸተተችና «አይሆንም» አለችው።

«ለምን?»

«ደረቱ ላይ የደረት ቅባት ሽታ አለው። ቤታችሁ አስም ያለባት ሰው አለች፤ ደግፈሃት ነው ያደርከው። ማለስለሻ ካደረግሁበት ነገ ስትደግፋት ታፍናታለህ። በአቼቶ ላድርግልህ። አቼቶ የሳሙናውን ትርፍ ያስለቅቃል፣ ልብሱን ያለሰልሳል፣ ጠረኑ ደግሞ ነፋስ ሲያገኘው ይጠፋል።»

የእናቱን ሕመም ከሸሚዙ ላይ ያነበበ ሰው ገጥሞት አያውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤቱ ልብስ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣ ጀመር። በእያንዳንዱ ልብስ ጥግ ላይ አረንጓዴ ክር ሰፋችበት፤ «አቼቶ ብቻ» ማለት ነው። ከልብሱ ጋር እሱም መጣ፤ መጀመሪያ በሰበብ፣ በኋላ ያለ ሰበብ።

እናቱ ግን የዳኛ ሚስት የነበሩ፣ የግንብ አጥር ውስጥ የሚኖሩ ሴት ናቸው። «አጣቢ? ልብሳችንን አጥባ ስታበቃ ልጃችንን ልትወስድ?» ብለው ነበር መጀመሪያ ሲሰሙ። ሁለት ዓመት ለመናቸው። ባለፈው ሳምንት ነው «በቃ፣ እሑድ ትምጣና ልያት» ያሉት።

እናቱ እሺ ሲሉ ግን አፍንጬ የሚያሸት አፍንጫ አልነበራትም።

በክረምቱ ጉንፋን ይዟት አንድ ሳምንት ተኛች። ስትነሳ ሳሙናው ዝም አለ፣ በረኪናው ዝም አለ፣ የሰው ልብስ ሁሉ አፉን ዘጋባት። ነገ ይመለሳል አለች። በሳምንቱ ይመለሳል አለች። በሁለተኛው ወር መጠበቁን ትታ ማስመሰሉን ተማረች። ማለስለሻው ሰማያዊና ወፈር ያለ ነው፣ በረኪናው ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ነው፣ አቼቶው በመደርደሪያው ግራ ጫፍ በነጩ ጀሪካን ነው። ዓይኗና እጇ አፍንጫዋን ተክተው ይሠራሉ፤ እሷም ባንኮኒው ላይ ዓይኗን ጨፍና እንደ ድሮው በረጅሙ ትስባለች።

ለእትዬ ያልተናገረችው ከዚህ ሙያ በቀር የምታውቀው ስለሌላት ነው። ለእሱ ያልተናገረችው ግን ሥራዋን ፈርታ አልነበረም። እሱ የወደደው ሸሚዙን አሽታ ያነበበችውን ልጅ ነው። አፍንጫዋ ከሌለ እሷ ማን ናት? ሽርጥ የለበሰች፣ እጇ በሳሙና የተላላጠ፣ እንደማንም አጣቢ። ይሄን ነበር የፈራችው፤ ከሞት በላይ ነበር የፈራችው።

አሁን ወደ ጓዳ ገብታ ነጩን ጀሪካን አነሳች። ለጋሼ ካውያ ይዛላቸው ሄደች።

«ጋሼ፣ ይቺን እስኪ ያሽቱልኝ። ጉንፋን ቢጤ ይዞኛል።»

ጋሼ ካውያ ካውያውን አቁመው ጎንበስ አሉና ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ። «ሐሙስ ዕለት አንሶላውን ስተኩስ ሲያጥወለውለኝ የዋለውን ነገር ዛሬ ደግሞ አሽትት ትይኛለሽ?»

«ሐሙስ ሸቶዎት ነበር?»

«ቤቱ በሙሉ እኮ አበባ መሸጫ መስሎ ነበር የዋለው!»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «አንቺን? አፍንጬን? እኔ ማነኝና ስለ ሽታ ላንቺ የምነግርሽ? አረንጓዴውን ክር አይቻለሁ፣ ግን የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ተውኩት።»

ጀሪካኑ ውስጥ ያለው አዲስ ማለስለሻ ነበር። ነጭ ልብስ እንዳያቀልም ተብሎ ቀለም የሌለው፣ እንደ ውሃ የቀጠነ፣ ከነጭ ጀሪካኑ ጋር ረቡዕ የመጣ። አቼቶው አልቆ ስለነበር በባዶው ቦታ ተቀመጠ። ጓንት ባጠለቀ እጅ ደግሞ ሁሉም ፈሳሽ አንድ ነው። አፍንጫ ያለው ሰው ክዳኑን ገና ሲፈታ የሚያውቀውን ነገር ማን ልንገራት ብሎ ያስጠነቅቃታል?

ሴትዮዋን የገደለቻቸው ያህል ተሰማት። ማጠቢያው ቧንቧ ሥር ተቀምጣ እጇን ደጋግማ ታጠበች፤ ለምን እንደምትታጠብ ግን አታውቅም ነበር።

*

እሑድ ለቀጠሮው ያሰበችውን ቀሚስ ሦስት ጊዜ በባዶ ውሃ አጠበችው። አንድም የሳሙና ሽታ እንዳይኖረው ፈለገች፤ መኖር አለመኖሩን ግን የምታውቅበት መንገድ የለም። አከራይዋን በር አንኳኩታ «እማማ፣ ይህቺን ቀሚስ ያሽቱልኝ» አለቻቸው። አከራይዋ «ውሃ ውሃ ነው የምትለው ልጄ፣ ሽቶ ልስጥሽ?» አሏት። አመስግና ወጣች።

ቀጠሮው እንደቀረ ማንም አልነገራትም፤ ማንም ግን እንደማይጠብቃት ታውቃለች። የግንቡን በር የከፈተችው እህቱ ናት።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«እማማን ይቅርታ ልጠይቅ።»

«ጤናዋን ካቃወስሽ በኋላ? ወይስ አልሞተች እንደሆነ ልታረጋግጪ?»

«ማናት?» አለ ከውስጥ የቀጠነ ድምፅ። «ትግባ።»

እናቱ ከክሊኒክ የወጡት ያን ዕለት ጠዋት ነው። በተከፈተ መስኮት አጠገብ፣ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ተቀምጠዋል። ኢንጂነሩ ከጎናቸው ነበር። ሲያያት ከተቀመጠበት ተነሳና መልሶ ተቀመጠ።

«እዚያው በሩ ላይ ቁሚ» አሉ እናቱ። «ልብስሽ ላይ ያለውን አላውቅም።»

ቆመች።

«አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ።»

ሴትዮዋ ለሚናገሩት ትንፋሽ እስኪያጠራቅሙ ጠበቁ። «ሁለት ዓመት ባጠብሽልኝ አንሶላ ላይ ስተኛ አንድ ቀን አፍኖኝ አያውቅም። ልጄ ትምጣ ሲለኝ እምቢ እያልኩት፣ ጋደም ስል ግን ይህቺ ልጅ ልብ አላት እል ነበር ለራሴ። እሺ ያልኩት ለዚያ ነው። ለእሱ ብዬ አይደለም።» ትንፋሽ ሳቡ። «ታዲያ እኔ ምን አደረግሁሽ የኔ ልጅ?»

ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ይህቺን የኔ ልጅ ግን አልቻለችም።

«እማማ፣ አይሸተኝም።»

«ምን አልሽ?»

«አፍንጫዬ አይሠራም። ከክረምቱ ጉንፋን ወዲህ፣ አምስት ወር ሆነው፣ ምንም ነገር አይሸተኝም። አቼቶ መስሎኝ ነው የጨመርኩት። ጀሪካኑ ተቀይሯል፣ አላወቅሁም። ትናንትም ምንም አይሸትም ያልኩት ስለማይሸተኝ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ለእሱም።»

ኢንጂነሩ ቀስ ብሎ ተነስቶ ወደ እሷ መጣ። ፊቱ ላይ ያየችው ተስፋ ነበር፤ በሕይወቷ እንደዚያ የሚያምር ነገር አላየችም።

«እውነትሽን ነው?» አላት በለሆሳስ።

«እውነቴን ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም የኔ እብድ?»

እጁን ሊይዛት ዘረጋ። ሳይደርስባት እህቱ «ኑ እስኪ ውጪ» አለች። «እማዬ ባለችበት አይሆንም። ኑ።»

በረንዳው ላይ ወጡ። እህቱ ከጓሮ ማጠቢያው አንድ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። ክዳኑን ፈትታ ሳታስጠነቅቅ በአፍንጬ አፍንጫ ሥር ደቀነችው። በረኪና ነበር። አፍንጬ ወደ ኋላ ተወረወረች፤ አሳላት፣ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይኸው!» አለች እህቱ። «የማይሸታት ሴት!»

«አይደለም…» አለች እያሳላት። «ያቃጥለኛል እንጂ አይሸተኝም። ይወጋኛል፣ ጉሮሮዬን ይይዘኛል… ሽታው ግን የለም…»

ስትናገረው ለራሷም ውሸት መሰላት። ሽንኩርት ዓይን ሲያስለቅስ አፍንጫ አይጠይቅም፤ በረኪናም እንደዚያው ነው። ግን ይህንን እንዴት አድርጋ ታስረዳ? አምስት ወር አፍንጫዋን አስመስላ ስታሸት የኖረች ሰው ዛሬ አይሸተኝም ብላ ማንን ታሳምን?

«እታለም፣ ግቢ» አለ ኢንጂነሩ።

«አሁንም ታምናታለህ?»

«ግቢ አልኩሽ።»

እህቱ ገባች። ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ኢንጂነሩ ከኪስ ቦርሳው ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ። አፍንጬ ገና ሳይዘረጋው አወቀችው። ለመንገድ ሥራ ሩቅ ቦታ ተልኮ ሁለት ወር በቆየበት ጊዜ የጻፈችለት ደብዳቤ ነው። ሲሄድ አንድ ሳይታጠብ የዋለ ሸሚዝ ትቶላት ነበር፤ «ምን እንደምሸት ጻፊልኝ» ብሎ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበላት።

«"ሸሚዝህን ትራሴን አልብሼዋለሁ። አንገትጌው ላይ የእርሳስና የአቧራ ሽታ አለ። ጀርባው ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። የቀኝ እጅጌህ ላይ የብርቱካን ልጣጭ አለ፤ ግራው ላይ የለም። እነዚህን አንድ በአንድ እያሸተትኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።"» ቀና አለ። «ይህን መቼ ነው የጻፍሽልኝ?»

«ከሦስት ወር በፊት።»

«አፍንጫሽ የጠፋውስ?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል።

«እዚያ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በየቀኑ ነበር የማነበው» አላት። «እጄን እያነሳሁ አሸት ነበር። እውነትም ብርቱካን ይሸታል ወይ እያልኩ፣ እንደ ሞኝ። ሰው እንዲህ አድርጎ አውቆኝ አያውቅም ብዬ ነበር። እናቴን ሁለት ዓመት የለመንኳት በምን ጉልበት ይመስልሻል?»

«ገምቼ ነው የጻፍኩት። እርሳስ ጆሮህ ላይ እንደምትሰካ አውቃለሁ። ብርቱካን በቀኝ እጅህ እንደምትልጥ አውቃለሁ። ስምህን እየጠራሁ፣ እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት። ሽታው ውሸት ነው፣ እሺ። የቀረው ግን እውነት ነው።»

«የቀረው የቱ ነው?» ወረቀቱን ዘርግቶ ያዘላት። «ደብዳቤው እኮ ሙሉውን ሽታ ነው።»

አየችው። እውነቱን ነበር። ሦስት ገጽ ሙሉ አንገትጌ፣ እጅጌ፣ ደረት፣ ኪስ። እወድሃለሁ የሚል ቃል አንድም ቦታ አልነበረም። ያኔ መጻፉ አላስፈለጋትም፤ እያንዳንዱ ሽታ እወድሃለሁ የሚል መስሏት ነበር።

«እወድሃለሁ» አለችው።

«ዛሬ?» አላት። ቁጣ አልነበረውም፤ ቁጣ ቢኖረው ይሻላት ነበር። «ወይ ያኔ ዋሽተሽኛል፣ ወይ አሁን እየዋሸሽኝ ነው። አንዷ አንቺ አይደለሽም። እኔ የትኛዋን ይዤ እናቴ ፊት ልቁም?»

ሁለቱም እኔ ነኝ ማለት ፈልጋ ነበር። ግን እሷም ብትሆን፣ በእሱ ቦታ፣ አታምናትም።

ደብዳቤውን አጥፎ እንደ ልማዱ ወደ ኪስ ቦርሳው መለሰው። ከዚያ መልሶ አወጣውና እጇ ላይ አስቀመጠው። ጣቶቹ ቀዝቃዛ ነበሩ። ወደ ቤት ሲገባ እናቱ «ሄደች?» ሲሉት ሰማች፤ እሱ የመለሰውን ግን አልሰማችም።

*

ሰኞ ጠዋት እትዬ ከእሷ ቀድመው ገብተው ባንኮኒው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

«ያ ልጅ አሁን ከዚህ ወጣ» አሏት። «ወደ ሥራ ቦታው ሊመለስ ሻንጣውን ይዞ ነው የመጣው። ከእንግዲህ ልብሳቸው ወደዚህ አይመጣም። አንሶላው ላይ ሽቶ የፈሰሰው እቤታቸው ነው፣ እሷ ምንም ጥፋት የለባትም፣ እንዳይቆጧት አለኝ።»

አፍንጬ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። አምኖኛል? ካላመናት ለምን ይዋሽላታል? ካመናትስ ለምን ጥሏት ይሄዳል? ሁለቱንም አገላበጠች፤ በሁለቱም በኩል መውጫ የለም። ሥራዋን አትርፎላት ነው የሄደው። አምስት ወር የደበቀችው ነገር እንዳይታወቅ እሱ ራሱ ደበቀላት።

«እትዬ፣ ቤታቸው አልፈሰሰም» አለች። አሁን የምትፈራው ነገር አልቀረም። «እኔ ነኝ። አፍንጫዬ አይሠራም። ከክረምቱ ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

እትዬ አልደነገጡም። ይሄ ነው ያስደነገጣት።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«ሦስት ወር ሆኖኛል ካወቅሁ። ያን የሕፃን ብርድ ልብስ አስታወስሽ? ወተቱ ኮምጥጦ ሳለ አሽተሽ ንጹሕ ነው ብለሽ አሳለፍሽው። እኔ ነኝ በኋላ መልሼ ያጠብኩት። ከዚያ ወዲህ አንቺ ያሸተትሽውን ሁሉ ጓዳ ውስጥ ደግሜ አሸታለሁ።»

«ምነው ታዲያ ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልሽ? ሰው እኮ የሚመጣው አንቺን ብሎ ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትስቢ ደስ ይለዋል። ዝም ብትል ይሻላል፣ እኔ ከኋላ እሸፍናታለሁ አልኩ።» እትዬ እጃቸውን አሻሹ። «አዲሱን ማለስለሻ እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ልነግርሽ አስቤ ሳለ ደንበኛ ገባና ረሳሁት። አንሶላው ሲወጣ ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት አልነበርኩም።»

አፍንጬ ብድግ አለች። አምስት ወር የተዘጋው በር ድንገት የተከፈተ መሰላት። የሚያምናት ሰው ተገኘ! ምስክር ተገኘ!

«እትዬ፣ ይምጡ ይንገሩልኝ። አሁኑኑ። መናኸሪያ ሳይደርስ እንይዘዋለን። እርስዎን ያምናል። አንዲት ቃል ብቻ ነው። ሦስት ወር አውቄ ነበር፣ አይሸታትም ብለው ብቻ ይንገሩልኝ!»

እትዬ ተቀምጠው ቀሩ።

«እትዬ!»

«ሴትዮዋ ልትሞት ነበር ልጄ» አሉ በመጨረሻ። ዓይኗን አላዩም። «በዚህ ቤት በታጠበ አንሶላ። እኔ እያወቅሁ ዝም ማለቴ ከተሰማ ይህ በር ነገ አይከፈትም። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው። ጋሼ በዚህ ዕድሜው የት ይሄዳል? አንቺስ? እሱ ሸፍኖልናል፤ የሸፈነልንን ሄጄ ልግለጠው? አልችልም። እንኳን ላንቺ፣ ለወለድኳትም አልችልም።»

ለመነቻቸው። ጉልበታቸውን ያዘች። እትዬ ፀጉሯን ደባበሱላት፣ «የኔ ልጅ፣ የኔ ልጅ» እያሉ አብረዋት ተከዙ፤ ከወንበራቸው ግን አልተነሱም። ሰዓቱ ሄደ። ከመናኸሪያው ባሶቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ እሷም ታውቀዋለች። በዚህ ዓለም ላይ እሷን የምታምን አንዲት ሴት ብቻ አለች፤ እሷም አትናገርም።

የጎረቤቱ ሱቅ ሲከፈት ተሰማ። ጋሼ ካውያ ገቡና ሰላም ብለው ካውያቸውን ሰኩ። አፍንጬ ከቅዳሜ የተረፈውን እርጥብ ልብስ በቅርጫት አንስታ ወደ ጓሮው ወጣች፤ ሥራ ነውና። ገመዱ ላይ አንድ አንሶላ ሰቅላ ሁለተኛውን ስታነሳ ቆም አለች።

እንግዲህ ትዝታው አይወሰድብኝም ብላ አሰበች። ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ከክረምቱ በፊት፣ አፍንጫዬ ሳለ፣ ስንት ጊዜ አቅፎኛል። ጠረኑን ላስታውሰው። ዓይኗን ጨፈነች። ፊቱ መጣላት፣ ሳቁ መጣላት፣ ባንኮኒው ላይ የሚደገፍበት ክርን መጣላት። ጠረኑን ፈለገች። ጠበቀች። እንደገና ፈለገች።

አልመጣም። ከቅዳሜ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ልቅሶ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።